ሽማግሌዎቹ የቀመሱት ኬክ

አምቦ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድህ እጮኛዬ፣

ሰላምታዬ ካለህበት እንጭኒ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? እናትህስ ወገባቸው ተሻላቸው? አካም ጅርቱ ብለህ ሰላም በልልኝ። እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፤ እኔ ብቻ መቀመጫ አጥቻለሁ። ስልኬን ስለማታነሳ ነው ወረቀት የያዝኩት። ደብዳቤውን የምታደርስልህ እህትህ ጊፍቲ አጠገቤ ሆና መኪና ሊያመልጣት እንደሆነ ደጋግማ ትነግረኛለች። እኔ ግን አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ የታጠበ ቅርፅ ማውጫ መልሼ አጥባለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ።

የላክኻቸው ሽማግሌዎች ምን እንዳሉህ ሰምቻለሁ። እኛ ቤት ተንቀው፣ ሳሙና በልተው ተመለሱ ተባለ። መብላታቸው እውነት ነው። መናቃቸው ግን ውሸት ነው፤ እንዴት እንደሆነ ከእኔ ስማ።

የዚያን እሑድ ለምሳ ገደማ ይመጣሉ ያልናቸው ሰዎች ከቅዳሴ በቀጥታ ከች አሉ። እኔ ጓዳ ውስጥ በካፕኬክ መልክ በምሠራቸው ሳሙናዎች አናት ላይ ክሬም እየጨመቅኩ ነበር። የሳሙና ክሬም እንደሆነ ሰው አይጠብቅም፤ ከቸኮልክ ይፈስሳል፣ ከዘገየህ ከረጢቱ ውስጥ ይደርቃል። ቀደም ብለው የደረቁትን አቧራ እንዳይነካቸው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬያቸው ነበር፤ ሮዝና ነጭ ክሬም፣ ጫፋቸው ላይ ቀይ ፍሬ። አንተ ራስህ አንድ ቀን ከኬክ ቤት የመጡ መስለውህ እጅህን ዘርግተሃል።

ትልቁ ሽማግሌ ኦቦ ጉዩ ከሁለቱ ጓደኞቻቸው ጋር በሩ አጠገብ ቆመው፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። አባዬም፣ ልጄ ሥራ አላት፣ እንጭኒ ስትሄድ ሥራዋ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቃቸው። ኦቦ ጉዩም ፈገግ ብለው፣ እሱን አያስቡ፣ ልጃችን ጨርሶታል፣ ይህን አረፋ ትታ ቤቷን ትይዛለች፣ እሷም ተስማምታለች አሉት።

መቼ ነው የተስማማሁት? መናኸሪያ የሸኘሁህ ቀን እንነጋገርበታለን ነው ያልከኝ፤ እኔም እሺ ያልኩት መነጋገሩን ነው።

አባዬ፣ እሷ ካለች እኔ ምን እላለሁ ብሎ ፈቀደ። ተቀመጡ፤ እማዬም ምግብ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ኦቦ ጉዩ፣ ከተፈቀደልንማ አፋችንን እናጣፍጥ ብለው ከፊታቸው ያለውን አነሱ። ጾም ነውና ቅቤ ይኖርበት እንደሆነ አባዬን ጠየቁት። አባዬ ደንግጦ፣ ኧረ ቅቤስ የለበትም፣ በዘይት ነው የተሠራው አለ። አልዋሸም፤ የምሠራው በዘይት ነው። የቀረውን ሊጨምር አፉን ሲከፍት እሳቸው ገምጠውት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ምን ይበል? ሽማግሌ ጎርሶ ሳለ ይትፉት ይባላል? እሳቸውም የሰው ቤት መስተንግዶ እንዴት ይተፋል ብለው፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ ዋጡት፤ ግሩም ነው ብለውም መረቁ። ትልቃቸው ከበላ ሌሎቹ ምን ያድርጉ፣ አንዳንድ አነሱ። ከሁለቱ አንዱ፣ ኦቦ ደግፌ፣ ሽታውን አደነቁ። አባዬ ወለሉን ያያል። ነገሩ በዚሁ ባለፈ ነበር፣ እማዬ የጾም በያይነቱን ይዛ ገብታ የልጄን ሳሙና ማን ነካው ባትል ኖሮ። እጃችንን እንኳ ሳይጨብጡ ወጡ።

ይህን ሳነብላት ጊፍቲ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፣ ያልነገርኩህ ነገር አለ። አንቺ ጓዳ ሆነሽ ይህን ሁሉ በምን አየሽ ትለኝ ይሆናል። ተስማምታለች ሲሉ ሰምቼ መጋረጃው ጋ መጥቼ ነበር፣ ከዚያም አልተንቀሳቀስኩም። ኦቦ ጉዩ እጃቸውን ሲዘረጉ አይቻለሁ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። የያዝኩት ክሬም ከረጢቱ ውስጥ ደርቆ ቀረ፤ ኋላ በቢላ ቀድጄ ነው ያወጣሁት።

መልእክትህ ደርሶኛል። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ፣ የሳሙና ዕቃዬንም ልጣል፣ ከዚያ ነገሩ ያልቃል ብለሃል። ይቅርታውን በደስታ እጠይቃለሁ። ለሦስቱም በጊፍቲ እጅ ሳሙና ልኬላቸዋለሁ፤ ካርቶኑ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም አይበላም ብዬ ጽፌበታለሁ። ኦቦ ጉዩ ሲያዩት የሚቆጡ አይመስለኝም፣ ደግ ሰው ናቸው። የተነገራቸውን ነው የተናገሩት።

ዕቃውንም ትናንት ሰብስቤው ነበር። በካርቶን አድርጌ እስከ ውጭ በር ወሰድኩት፣ መለስኩት፣ ደግሞ አወጣሁት። እማዬ አንዱን አድርጊ ብላ ተቆጣችኝ። እወድሃለሁ፣ ይህን አልደብቅህም፤ አንተን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ያቺ ተስማምታለች የምትል ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እንደምልህ አላውቅም። ምናልባት እሺ እልህ ነበር። አልጠየቅከኝም።

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን ፈትቼ ዕቃውን ወደ ቦታው መለስኩ። ሙሽሮች ለእንግዶቻቸው የሚያድሉትን ሳሙና እንድሠራ ትእዛዝ ተቀብያለሁና፣ ከጥምቀት በኋላ የብዙ ሰው ሰርግ አለብኝ። ሽማግሌዎቹን መልሰህ አታድክማቸው።

የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፣ የጀመርከውን ይባርክልህ፣ ቤትህን በሰላም ይሙላልህ። ጠይቀሃት እሺ የምትልህንም ይስጥህ።

ከእንግዲህ እህትህ