«ኔሽ» የተባለው ሙሽራ

ደርቢሻየር፣ መጋቢት 3 ቀን 1963

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለዊኒ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ክሌመንት፣ ደህና ነው? እናንተ ኒውዚላንድ ያላችሁት ሙቀት ላይ ናችሁ፤ እኛ ጋ በረዶው መቅለጥ የጀመረው ገና አሁን ነው። ብዙ በግ አልቆብናል። አባትሽ ከበረዶ ሥር ሊያወጣቸው ሲቆፍር ውሎ ሳንባውን ብርድ መታው። ምድጃው አጠገብ አልጋ ዘርግቼለት ተኝቷል። አትደንግጪ።

ማክሰኞ ቄስ ኦስዊን ሊጠይቁት መጡ። ገና ከመቀመጣቸው፣ «አባቴ፣ በሩን ይዝጉልኝማ፣ በረደኝ» አላቸው።

እኔ ክው አልኩ። በሠርግሽ ዕለት ክሌመንት በግንቦት ወር «በሩ ይዘጋልኝ» ቢል፣ አባትሽ በሰው ሁሉ ፊት «ወይ ጉዴ! ልጄን ብርድ ለማይችል ኔሽ ዳርኳት!» ብሎ የሳቀበት ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እግራችሁ ደጃችንን አልረገጠም።

እሱም ሳያስታውስ አልቀረም። «ይኸው እኔም ኔሽ ሆንኩ» አለ።

ቄሱ ፈገግ ብለው፣ «ምን ነውር አለው? እናንተ ብርድ የማይችለውን ልፍስፍስ ትሰድቡበታላችሁ እንጂ፣ የጥንት ሰዎች ኔሽ ሲሉ ለስላሳ፣ ለጋ ማለታቸው ነበር። አዲስ የበቀለ ሣር ኔሽ ነው» አሉት።

«ይተዉ እንጂ አባቴ! ስድቤን ምርቃት አደረጉት!»

ቄሱ ሲሄዱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ፣ «ዶርካስ፣ ዊኒ የተወለደች ለት አዋላጇ ስትሰጠኝ ምን እንዳልኩ ታስታውሻለሽ?» አለኝ።

«ረሳሁት» አልኩት። አልረሳሁትም፤ ከራሱ አፍ ልስማው ብዬ ነው።

«አልይዛትም አልኩ። ኔሽ ናት፣ ይህ እጄ ይቧጭራታል አልኩ።» እጁን ገልብጦ አየው። «እንግዲህ ለባሏ፣ ለዚያ ልጅ ጻፊለት። ይምጣ። ምድጃው ለሁለታችንም ይበቃል በይው።»

ከዚያ ዓይኑን ጠረገ፤ በጭሱ አሳበበ። ምድጃው ግን አይጨስም ነበር።

ሐኪሙ ጠዋትም ማታም ብቅ ይላል። የተረፉትን በጎች ጎረቤታችን ኢኖክ ወደ እሱ ግጦሽ ወሰዳቸው፤ አባትሽ ሳይከራከር እሺ አለው። አንቺ ሐሳብ አይግባሽ። ብቻ የምትመጡ ከሆነ፣ ልጄ፣ በመርከብ አትምጡ። መርከብ ይዘገያል።

አምላክ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እናትሽ ዶርካስ