ዳማ ላስቲክ አይፈራም

አንተ እድሩ ቤት በር ላይ ቆመህ ይህን ወረቀት የምታነበው፣ አንተንም ይመለከትሃል። በአባቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠህ «ያ ደንባራ ፈረስ ጨረሰው» ብለሃል። እኔም ብያለሁ። ስለዚህ ቸኩለህ አትሂድ፣ እስከ መጨረሻው አንብብ። የምጽፈው ግን ላንተ አይደለም፤ ለአባቴ ነው።

አባዬ፣ ባለህበት ሰላም ይሁንልህ። ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምለው አጥቼ አይደለም፤ እኔ የምለው አጥቼ እንደማላውቅ ታውቃለህ። አኩርፌህ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከፈረስ ጋር ስታወራ ኖረህ በፈረስ መሞትህ አናዶኝ ነበር። ሰውም ከእንስሳ ጋር የሚያወራ ሞኝ ነበር ሲልህ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን እጽፍልሃለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ግፊቷ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ኪኒኗን ከማሻ ነው የምናመጣላት። የጓሮውን ቆርቆሮ ንፋስ ገንጥሎት እኔው ወጥቼ መታሁት። የእጅ ስልክ ገብቷል። የሚይዘው ግን አንተ ፈረስህን ዳማን ታስርበት የነበረው ዛፍ ሥር ብቻ ስለሆነ ሰፈርተኛው በሙሉ ጉዳዩን የሚያወራው ዳማ ፊት ነው። የማን ሚስት እንዳኮረፈች ከኔ ቀድሞ የሚሰማው ዳማ ነው።

አዎ፣ ዳማ አለ። በሣልስትህ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነስቼ ሰው የገደለ ፈረስ ከዚህ ሰፈር ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ምላሴን ታውቀው የለ። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠችው፣ ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ማንበብ የለመደችው ልጅህ፣ ሽማግሌው ሁሉ አንገቱን እስኪደፋ ተናገርኩ። እድሩም ተቀበለኝ። የሚወስደው ግን ጠፋ። ጌጫ ገበያ ሁለት ጊዜ አውጥተነው ሰው ገና ሲያየው ያ ነው እንዴ እያለ ዞር ይላል። ስምንት ወር ሙሉ ሳር ስጥልለት ፊቱን አይቼው አላውቅም።

አሟሟትህን የነገረን ጋሽ ወልዴ ነው። ለማያውቀው ልናገር፤ ጋሽ ወልዴ የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ የእድራችን ዳኛ ነው። ያን ቀን ከማሻ ስትመለሱ በበቅሎው ከኋላህ ነበር። የእንጨት ጠርቡ ድልድይ ጋ ስትደርሱ ላስቲክ በንፋስ ብድግ አለ፣ ዳማ እሱን አይቶ በረገገ፣ አንተንም ድንጋዩ ላይ ጣለህ። እንዲህ ብሎ አለቀሰ። ከሱ ሌላ ያየ ሰው አልነበረም፣ አመንነው።

ላስቲክ! እንዴት አመንኩ አባዬ? ዳማ መጀመሪያ ሲመጣ የገዛ ጥላውን አይቶ የሚደነብር ፈረስ ነበር። በኛ ዝናብ ደግሞ ላስቲክ ሳይደርብ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም፤ ስለዚህ አንተ ያስለመድከው የመጀመሪያ ነገር ላስቲክ ነው። አጥሩ ጫፍ ላይ ቢጫ ላስቲክ ሰቅለህ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ እርምጃ ወደ ሳሩ ታስጠጋው ነበር። በመጨረሻ ዳማ ላስቲኩን በአፍንጫው እየገፋ ከሥሩ ይበላ ጀመር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እስቅብህ ነበር። ይህን በዓይኔ አይቼ፣ ጋሽ ወልዴ ላስቲክ ሲል አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

የነቃሁት መንገዱ ሲቆረጥ ነው። ጭቃው መኪና አላሳልፍ አለ፣ የእማዬም ኪኒን አለቀ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ዳማን ጫንኩ። አንተ እንደምታደርገው እጄን አንገቱ ላይ አድርጌ ቆምኩ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ መንጋጋውን እስኪያላውስ ድረስ እግርህን እርካብ ውስጥ አታስገባም ነበር። እኔንማ ስንቴ መልሰኸኛል፤ አፍሽ ሲቀዘቅዝ ነይ፣ ንዴትሽ በጭንሽ ወርዶ ይሰማዋል እያልክ። ያን ቀን ፍርሃት አፌን አቀዝቅዞልኝ ነበር። ትንፋሼን ረዘም አድርጌ አወጣሁ፣ የልጓሙን ዛብ አላላሁለት። አንተ በሸክኛ ነበር የምታወራው፤ እኔ በአማርኛ ስለ እማዬ ግፊት እያወራሁለት ሄድን። መንገድ ላይ ዝናብ ጣለና ላስቲክ ደረብኩ። ንፋሱ ላስቲኩን እያነሳ ጀርባው ላይ ያጋጨዋል። ዳማ ጆሮውን እንኳ አልቀሰረም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

ድልድዩ ጋ ቆመ። ድሮም ይቆም ነበር። አንተ አትነካውም፤ ጠርቡን አሽትቶ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለህ፣ ከኋላ የሚመጣውንም ቆይ ብለህ በእጅህ ታሳየዋለህ። እኔም ጠበቅኩት። አሸተተ፣ ተሻገረ። አራት ቅዳሜ እንዲህ ተመላለስን።

አምስተኛው ያለፈው ቅዳሜ ነው። ዳማ ጠርቡን እያሸተተ ሳለ ከኋላችን የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። እኔ ገና ሳልዞር የዳማ ሰውነት ተለወጠ። ጆሮው ወደ ኋላ ተለጠፈ፣ ቆዳው ተርገበገበ፣ ከዚያ ቂጡን ሸሽጎ ዞረና ከመጣው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። ጋሽ ወልዴ ነበር። አለንጋ ይዟል፣ እጁ ግን ወርዷል። ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም። ማንም ሳይጠይቀው፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣

«ዛሬስ አልነካሁትም» አለ።

 «ምን አልክ ጋሽ ወልዴ?» ብዬ ብጠይቀው በቅሎውን ጠምዝዞ በመጣበት ተመለሰ። እኔ ድልድዩ ጋ ቀረሁ፤ ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ዝናቡ እየመጣ ነው፤ ዳማ ቆሟል፣ አንተ ትጠብቀዋለህ። ጋሽ ወልዴ ከኋላ ቸኩሏል። ሊያግዝህ ብሎ አንድ ጊዜ በአለንጋው ያሳርፍበታል፣ ዳማም በርግጎ ይጥልሃል። በክፋት ነው አልልም፤ እዚህ አገር የቆመ ከብት አይቶ ከኋላ የማይመታ ማን አለ? ግን ቀብሮህ ሲያበቃ ጥፋቱን ላስቲክ ላይ ላከከ፣ በኔ አፍም ዳማ ላይ አስፈረደ። ይህ የኔ ግምት ነው፤ አላየሁም። ለዚህ ነው የምጠይቀው።

ሰኞ ዕለት መልስ ሳይሆን መልእክት ላከብኝ። ለዳማ ወሳጅ ተገኘ፣ የቴፒ ነጋዴ ነው፣ እሁድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ይረከበዋል አለ። ደገኛ ፈረስ ቆላ ቴፒ ወርዶ ገንዲ የሚባለው የዝንብ በሽታ ሳይጨርሰው ክረምት እንደማይዘልቅ እዚህ የማያውቅ አለ? ስምንት ወር ያልተገኘ ወሳጅ በሁለት ቀን ተገኘ።

አልረሳህም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው አባዬ። እኔ የማስታውስህ ዛቡን ባላላሁ ቁጥር ነው። እሁድ በዳማ እመጣለሁ፤ ከመጫኔ በፊትም አፌ እስኪቀዘቅዝ አንገቱ ሥር እቆማለሁ። መጀመሪያ የምነሳው እኔ ነኝ፤ በሣልስትህ ቀን የተናገርኩት ስህተት ነበር፣ ዳማንም አባቴንም በድያለሁ እላለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ። አልጮህም።

ጋሽ ወልዴ፣ አንተም ይህን እያነበብክ ነው። አባቴ ለዳማ ይሰጠው የነበረውን ጊዜ እሰጥሃለሁ፤ የፈለግከውን ያህል ቁም፣ ከኋላ የሚመታህ የለም። ቤቴ መጥተህ ግን እንዳትነግረኝ፣ ሽማግሌም እንዳትልክብኝ። እሁድ፣ ዳማ ከመወሰዱ በፊት፣ እድርተኛው ሁሉ በተቀመጠበት ተነስተህ መልስ። ያን ቀን ድልድዩ ላይ መትተኸዋል ወይስ አልመታኸውም?