ዶሮዎቹን ያስጾምን ጊዜ

ቢቸና፣ በረመዳን መጨረሻ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ለተራዊሕ ሶላት መቆም ካቃተሽ ተቀምጠሽ ስገጂ ብለው ኢማሙ ራሳቸው ቢነግሩሽ እንቢ ብለሻል አሉ፤ እህቴ ሐናን ናት የከሰሰችሽ። እባክሽ እማ፣ ለእኔ ስትዪ ተቀመጪ። እኔ አልሐምዱ ሊላህ በጣም ደኅና ነኝ። ናፍቆትሽ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ፤ በተለይ ማታ ማታ ቴምሬን ይዤ አዛን ስጠብቅ አንቺና ሐናን ፊቴ ላይ ትመጡብኛላችሁ።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደምጽፍ ይገርምሽ ይሆናል። አንደኛ፣ ኔትወርኩ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። ሁለተኛ፣ አትቆጪኝና፣ አንቺ ስልክ የምታነሺው ድምፁን ለቀሽ ስለሆነ እኔ የማወራው ለመላው ሰፈር ነው። ስለዚህ ይህን ወረቀት ሹፌሩ ፋንታ ከእንቁላሉ ጋር ያደርስልሻል። ሐናን ብቻዋን ታንብብልሽ፤ በሩንም ዝጉት።

ሙሐመድያሲን ከኢድ በኋላ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ዕቃሽን ሸክፈሽ ጠብቂኝ ብሎ ልኮብኛል። ዶሮዎቹን ገበያ አውጥቼ እንድሸጥ፣ ቤቱን ለእትዬ አምሳለች እንዳስረክብ፣ ሞጣ ገብቼ ሙሂዲንን በእናቱ ቤት ተቀምጬ እንድጠብቅ ነው የፈረደው። ባሏ ጅዳ ያለ ሴት በሰው አገር ዶሮ እያባረረች አትኖርም ብሏል። ቢቸና የሰው አገር ሆነችና! አንቺም ወንድሟ እውነቱን ነው ብለሻል አሉኝ። እማ፣ እኔ አልመጣም። ይህን መጀመሪያ ልንገርሽና ሌላውን ረጋ ብዬ ላስረዳሽ።

ሙሂዲን ሲሄድ ሱቃችን ውስጥ የነበረው ጨርቅ ተሸጦ አለቀ፤ ሌላ የሚያስመጣ ስላልነበረ ዘጋሁት። ለጥቂት ወራት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳ አየሁ። አከራዬ እትዬ አምሳለች ናቸው እጄን ይዘው ጓሮ ወስደው፣ ይህ ቦታ ባዶውን ከሚቀመጥ ለምን ዶሮ አናረባበትም ያሉኝ። ቦታው ከእሳቸው፣ ቄቦቹን መግዣው ከእኔ፣ ሥራው ከሁለታችን። ገና ስንጀምር በአንድ ነገር ተስማማን፤ አናርድም። ክርስቲያን ካረዳት እኔ አልበላትም፣ ሙስሊም ካረዳት እሳቸው አይበሏትም። እንቁላል ግን ማንም ስለማያርደው ከአንድ ድስት አውጥተን እንበላለን። እስከ ዛሬ በዚህ አንድም ቀን አልተኮራረፍንም።

ሐናን እኔም ጓሮ ውስጥ ልጀምር ብላ ጠይቃኛለች። ይህን ደግመሽ አስነብቢያት፣ እኔ በገንዘቤ የተማርኩትን እሷ በነፃ ትማር።

መጀመሪያ ቤቱ ነው። እኛ ሸለመጥማጥ ፈርተን ግድግዳውን እስከ ጣራው በጭቃ ደፈንነው፤ ቆጡንም እንደ አገሬው ዶሮ ከጣራው ሥር ሰቀልነው። የእንስሳት ሀብት ባለሙያዋ ንጋት ልታይልን መጥታ ገባችና አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ማነው እነዚህን ዶሮዎች ያሰራቸው ብላ ሳቀችብን። ከወገብ በላይ ያለውን ግድግዳ አፍርሰን ሸለመጥማጥ የማያሾልክ ሽቦ ወጠርንበት፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ብቻ ማዳበሪያ ከረጢት መጋረጃ አደረግን። ቆጡንም እስከ ጉልበት ዝቅ አደረግነው፤ ምክንያቱም እነዚህ የተሻሻሉት ዝርያዎች ከባዶች ናቸው፣ ከላይ ሲዘሉ እግራቸው ይሰበራል። አንዷ ተሰብራብን ነው የተረዳነው።

ወለሉ ከጓሮው ከፍ ይበል፣ ውኃ እንዳይገባበት። የጤፍ ጭድ ወፍራም አድርጋ ታንጥፍና በየጊዜው ትገልብጠው፤ ጨብጣው እጇን ካረጠበው አውጥታ ትጣለው። እንቁላል መጣያ ሣጥኖቹን ጨለም ባለው ጥግ ታስቀምጥ። ዶሮ ልትጥል ስትል እንደ ሙሽራ ከለላ ትፈልጋለች፤ ካጣች የትም ትጥለዋለች፣ ከዚያ ሌሎቹ ይረግጡታል፣ ይቀምሱታል፣ ከቀመሱ ደግሞ አይተዉም። ለዚህ ነው እንቁላላቸውን የሚያጠነክር ኖራ እንዲያገኙ ብላ ቅርፊት ስትሰጣቸው አድርቃ፣ ወቅጣ፣ እንቁላልነቱን አስረስታ የምትሰጠው። ምግባቸው የተከካ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ ዘይቱ የወጣለት የኑግ ፋጉሎና ቁንጥር ጨው ነው። በቆሎ ብቻ ከሰጠቻቸው ይወፍራሉ እንጂ አይጥሉም። ውኃ ከእህል በላይ ነው፤ አንድ ከሰዓት ውኃ ካጡ በማግስቱ ይቀጧታል። የፈንግል ክትባት ደግሞ የጎረቤት ዶሮ መሞት ከጀመረ በኋላ ብትሮጥ ምንም አይጠቅማትም።

ይህን ሁሉ አውቀን አምና የሠራነውን ጉድ ልንገርሽ። እስከ ዛሬ አፍሬ አልነገርኩሽም።

ቄቦቹ መጣል የጀመሩት ለቅበላ ነበር። ስንገዛቸው መቼ ይጥላሉ ብለን ጠየቅን እንጂ የዚያን ጊዜ ማን ይበላዋል ብለን አልጠየቅንም። ሁዳዴ ገባ። ቢቸና ውስጥ እንቁላል በእጁ የሚነካ ጠፋ። በዚያው ሳምንት ደግሞ የእኛ ረመዳን ገባ። እትዬ አምሳለች ከቅዳሴ እስኪመለሱ አይቀምሱ፣ እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ አልቀምስ፣ ግቢው በሙሉ ጾመኛ ሆነ። እንግዲህ ሁለት የራባቸው ሴቶች ተቀምጠን መከርን። ለማይሸጥ እንቁላል ፋጉሎ መግዛት ምን ይባላል አልን። እሳቸው፣ እነሱም ከእኛ ጋር ትንሽ ይጹሙ፣ ለፋሲካ ሲቃረብ እንቀልባቸዋለን አሉ። እኔ የነጋዴ ልጅም ልክ ነው አልኩ! ፋጉሎውን አስቀረን፣ በቆሎውን በግማሽ ቀነስን።

ብዙም አልቆዩ፤ መጣል አቆሙ። ከዚያ ላባቸው መርገፍ ጀመረ። ከዚያ እርስ በርስ ተነቃቀሉ። ፋሲካ ሲደርስ መንደሩ ሁሉ ለዶሮ ወጡ እንቁላል ፍለጋ ሳህን እየያዘ በራችን ላይ ቆመ፤ እኛ ጋ ያለው የተላጨ ዶሮ ብቻ ነበር። እትዬ አምሳለች ጓዳ ገብተው ተደበቁ፤ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ሆንኩ። ንጋት ሰምታ መጣችና በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። ዶሮ መጣል ካቆመች እንደ ቧንቧ መልሰሽ የምትከፍቻት አይደለችም ብላ ተቆጣችን። እውነቷን ነበር፤ ክረምት እስኪገባ እየቀለብን ጠበቅን። ያንን ክረምት ሽሮ በጨው ነው ያሳለፍኩት። በስልክ ደኅና ነኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነበር።

ያናደደኝ መክሰሩ ብቻ አይደለም። ያን ወር ሞጣ ሰው ለማፍጠሪያ እንቁላል አጥቶ ይሯሯጥ ነበር። እኔ እዚያ ያደግሁ ልጅ፣ በረመዳን የእኛ ቤት ምድጃ ላይ እንቁላል ሲቀቀል እያየሁ ያደግሁ፣ ሞጣ የምትባል አገር እንዳለች ረሳሁ። ጎረቤቴ ስለጾመ አገር ሁሉ የጾመ መሰለኝ።

ዘንድሮም ጾሞቹ አብረው ገቡ። በቅበላ የእትዬ አምሳለች ልጅ ሀብተ ሥላሴ ከአማኑኤል ከተማ መጥቶ፣ አምና ያየነው ይበቃል፣ ሁዳዴ ሳይገባ አርደን እንጨርሳቸው አለ። ቢላዋውን ሁሉ ስሎ ነበር። እናቱ ተነሥተው የዶሮው ቤት በር ላይ ቆሙ። እናንተ ስትበሉ ይቺ ልጅ ቁጭ ብላ ልታያችሁ ነው ወይ፣ የተስማማነው እንቁላል ነው አሉት። ልጁም ደኅና ልጅ ነው፤ አፍሮ ወደ ገበያ ሄዶ ሌላ ዶሮ ገዛ። እኔም የዚያን ቀን ፋጉሎዬን ገዝቼ ጓዳ ሞላሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺም ታውቂያለሽ። ፋንታ በየሳምንቱ ያመጣል፣ ሐናን ለጎረቤቱ ታዳርሳለች፣ አንቺም የምታፈጥሪው የእኔ ዶሮዎች በጣሉት ነው። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ እንኳ እንቁላሉን ቀዝቃዛው ጓዳ ውስጥ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገን ደርድረን አቆየነው፤ አንድም አልተመለሰብኝም። ረመዳን ሲያልቅ ደግሞ ፋሲካ ይደርሳል። ዘንድሮ ሳህን ይዞ የሚመጣ ሰው ባዶውን አይመለስም።

ስለዚህ ሙሐመድያሲን ይምጣ። ወንድሜ ነው፣ እንግዳዬ ነው፣ አልጋዬን ለቅቄለት መሬት እተኛለሁ። የሚጭነው ዕቃ ግን እንቁላል ብቻ ነው። ብቻዋን ናት የሚለውንም እትዬ አምሳለች ፊት ይበለው፤ መልሱን ከእሳቸው ይሰማል። በቁጣ የምጽፍልሽ አይምሰልሽ፣ እማ። በእርግጥ ተናድጄ ነበር፤ ጭዱን እየገለበጥኩ ብቻዬን ያለቀስኩበትም ቀን ነበር። አሁን ወጥቶልኛል። ጠዋት በሩን ስከፍት ሁሉም ወደ እኔ ይሮጣሉ፤ ያንን ትቼ የማንንም በር ቁጭ ብዬ አላይም።

አሁን የምልከው ሁለት ካርቶን ነው። አንደኛው ለኢዳችሁ ነው። ሁለተኛውን ሐናን ለሙሂዲን እናት ታድርስልኝ። ከኢድ በኋላ ጅዳ የተወለደላቸውን የልጅ ልጅ ስም ሊያወጡ በግ ገዝተው እየተሰናዱ እንደሆነ ፋንታ የምሥራች መስሎት ነገረኝ። እኔም አላህ ያሳድገው አልኩት። እሳቸው ከሙሂዲን ሌላ ልጅ ስላልወለዱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሰው ይበዛባቸዋል፣ እንቁላል ያስፈልጋቸዋል። ዛሬ ጠዋት የለቀምኩት ነው፤ እንዳይሰበር ሐናን ቀስ ብላ ትያዘው። ሕፃኑ ወንድ ይሁን ሴት ፋንታ አላወቀም። አንቺ ግን ሳታውቂ አትቀሪም፤ በሚቀጥለው መኪና ላኪብኝ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ጾምሽን ይቀበልሽ። ኢዱን በጤናና በደስታ ያድርስሽ። ለሐናን ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ለሙሐመድያሲንም እንደዚሁ።

የምትወድሽ፣ የማትቀየምሽም፣
ልጅሽ