ለሕፃናት አሻንጉሊት ስለታደለን ቢጫ ቀለም

ለተከበሩ ዶን ፊዴንሲዮ ላራ፣
የላስ ቪሩታስ ከተማ ከንቲባ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የከተማዎ አሻንጉሊት ሠሪዎች ከልጆቻችን በቀር ደህና ነን።

አስቀድሜ ስለ ቀለሙ ላመሰግንዎ ይገባል። እናቶቻችን ከቁልቋል ላይ ከሚለቀም ትል ቀዩን፣ ከአበባ ቢጫውን እያወጡ፣ በተልባ ዘይትና በሰም እያለበሱ ሲደክሙ ኖረዋል። ልጅ ቢልሰው ምንም የማያደርገው፣ በፎቶግራፍ ግን የማይደምቅ ቀለም ነበር። እርስዎ ግን ለሕፃናት አሻንጉሊት ለሚታደልበት ለዘንድሮው የሦስቱ ነገሥታት በዓል አርባ ቆርቆሮ ደማቅ ቢጫ በነፃ ካደሉን በኋላ፣ በእሱ ያልቀባ በገበያው ቦታ እንደማያገኝ አስታወቁን። እንዲህ ያለ በግዴታ የሚቀበሉት ቸርነት ከዚህ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም።

ቅሬታዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1. የቆርቆሮዎቹ ጽሑፍ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ነበር። ፋቂው እንደኛ የእንጨት ሠራተኛ ባለመሆኑ በአንዱ ቆርቆሮ ሥር «ለአውራ ጎዳና ማስመሪያ» የሚለውን ረስቶታል። ያየሁት ቀለሙ ካለቀ በኋላ ነው።

2. እንደሚያውቁት በእኛ ከተማ የዓመቱን የመጀመሪያ አሻንጉሊት ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ካልነከሰው ገበያ አይቀናም ይባላል። ስለዚህ ቢጫውን ፈረስ በገዛ እጄ ለአሥር ወሯ የልጅ ልጄ ለኔሬይዳ ሰጠኋት። በጣም ወደደችው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአፏ አልለየችውም። አሁን የጠባችውን ሁሉ ታስመልሳለች፣ መዳኽም ትታለች። ሐኪሙ ደሟ ውስጥ እርሳስ የተባለውን መርዘኛ ብረት አግኝቷል። ፈረሱን የሰጠኋት እኔ ስለሆንኩ እንቅልፍ የለኝም። በየሠሪው ቤት እንደሷ የነከሱ ሕፃናት አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ከመንገዳችን የሚሰማው የልጅ ጫጫታ እየቀነሰ መሄዱ ያስፈራኛል።

3. ቆርቆሮውን ታቅፌ ቢሮዎ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ «እማማ፣ ቀለም ያው ቀለም ነው! ደግሞ ልጅ እንጨት ይበላል እንዴ?» ብለው አሰናበቱኝ። ሕፃን ሳይሆኑ ያደጉ ሰው መሆናቸውን ስለተረዳሁ አልተቀየምኳቸውም።

ክቡር ሆይ፣ ለበዓሉ ቀብተን ያስረከብንዎ ስድስት መቶ ቢጫ ፈረሶች በመጋዘንዎ ተቆልፈው የበዓሉን ቀን ቅዳሜን እየጠበቁ ነው። ቅዳሜ በስድስት መቶ ሕፃናት እጅ ይገባሉ፤ ከእጅ እስከ አፍ ያለውን መንገድ ደግሞ እናቶች ያውቁታል። እንዳይታደሉ እለምንዎታለሁ። የእኔን ድካም ያቃጥሉት፤ ቅር አይለኝም።

ስለ ልጆቻችን ደስታ ይህን ያህል ለደከሙት ለእርስዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ ሥራዎንም በልጅ ልጇ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ የምትከታተል፣

ኦብዱሊያ ታፎያ፣ ፈረስ ቀቢ

ተጨማሪ፦ ቀለሙ በታደለ ማግስት ባለቤትዎ ዶኛ ብሪሂዳ ለታናሽ ልጅዎ ፈረስ ሊያዙኝ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። እጄን ያዝ አድርገው «እማማ ኦብዱሊያ፣ የኛን አደራ! ቀለም እንዳይነካው፣ እንጨቱን እንዳለ ይተዉልኝ» አሉኝ። ያኔ እንዲያው ያልተቀባ እንጨት የሚወዱ መስሎኝ አልጠየቅኳቸውም። ፈረሱ ደርሷል፤ ይውሰዱለት። ልጅዎ በሰላም ይጫወትበት።