እማን የሚጋርድ ተክል

ሰኞ

እማ ዛሬም ልብሷን አወለቀች። ከሥራ ስገባ ግቢው ውስጥ ቆማ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ በራሷ ላይ ታፈሳለች። እርቃኗን፣ በጠራራ ፀሐይ። ሮጬ ፎጣ ጣል አደረግኩባት።

"ተይኝ፣ ሰንበት ሊገባ ነው" አለች።

"ሰኞ ነው እኮ እማ።"

አልሰማችኝም። ለእሷ ቀኑ ሁሉ ዓርብ ሆኗል፣ ጎማው ደግሞ ወንዝ። አገር ቤት ሳለች ዓርብ ወንዝ ወርዳ ሳትታጠብ ሰንበትን ተቀብላ አታውቅም። ሌላው ሁሉ ጠፍቷት ይቺን አልረሳችም።

ቀና ስል ፊት ለፊታችን አዲሱ ሕንፃ አለ። ስድስት ፎቅ ሙሉ መስኮት። ሦስተኛው ላይ ያቺ ነጭ ፀጉር ያላት አሮጊት እንደ ሁልጊዜው ቁጭ ብላ ታያለች። ዓይኗ አያፍርም?

ቆይቶ ሲማ በሩን አንኳኳች። ሲማ የቫዱ፣ የሕንፃችን ኮሚቴ ኃላፊ ናት። ስልኳን ሰጠችኝ። አንዱ ከፊት ለፊት ሆኖ እማን ቀርጿታል። ጀርባዋ፣ ቀጭን እግሮቿ፣ ውሃው ሲወርድ። የሚስቅ ሰውም ይሰማል።

"አስጠፍቼዋለሁ፤ ግን ስንቱ እንዳየው አላውቅም" አለች።

ወንድሜ አስረስ ካየው አለቀልን። "ቤት አቮት እናስገባት፣ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት" ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ዕብራይስጡ ከአፏ ጠፍቷል። ማን ሊያናግራት ነው እዚያ?

አጥር ላሠራ አልኩ። ሲማ አይፈቀድም አለች። ሸራም አይፈቀድም። "በማሰሮ የተተከለ ነገር ግን ማንም አይከለክልሽም።"

ተንከባካቢዋ እኩለ ቀን ላይ ትሄዳለች። እኔ ከምሠራበት ከአድ ሃሎም መጋዘን ወጥቼ፣ አውቶቡስ ጠብቄ እስክደርስ ከሁለት ሰዓት በላይ ብቻዋን ናት። በሩን ብቆልፍባት ትጮሃለች፣ ጥፍሯ እስኪደማ በሩን ትቧጥጣለች። ሞክሬዋለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።

ማክሰኞ

የምፈልገው፦
ከእኔ ቁመት በላይ የሆነ። አሁኑኑ። "ያድጋል" የሚባል አልፈልግም።
ከሥር እስከ ጫፍ ቅጠል የለበሰ።
ክረምት የማይረግፍ።
የባሕሩን ነፋስና ጨው የሚችል።
እሾህ የሌለው።

ከሥራ በቀጥታ ማሽቴላ ሄድኩ፣ ተክል ከሚሸጥበት። ሻጩ ፀሐይ ያጠቆረው፣ የደከመው ሰው ነው፤ ግን ታገሠኝ። መጀመሪያ ጥድ አሳየኝ፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር። "ማሰሮ ውስጥ ግን ውሃ ከረሳሽው ይደርቃል፣ አንዴ ከደረቀ አይመለስም" አለ። እኔ ምሳዬንም እረሳለሁ። ተውኩት። ፊኩሱ ላዩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ታቹ እንደ መጥረጊያ እንጨት ራቁቱን። ተውኩት።

አንድ ነገር አስተማረኝ። "አጥሩ ጥግ አትደርድሪው። ከፎቅ ለሚያይ ሰው ሩቅ ያለ ተክል ምንም አይጋርድም። ልትሸፍኚው ወደምትፈልጊው ነገር አስጠጊው።" እማ ወደምትታጠብበት ቧንቧ ማለት ነው።

ከዚያ ሃርዱፍ የሚሉትን አሳየኝ። ሮዝ አበባ፣ ከእኔ በላይ የረዘመ፣ ጨው አይነካው፣ ነፋስ አይጥለው። ደስታዬ! ስድስት ስጠኝ አልኩ።

"ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ አለ?"

"የለም።"

"ውሻስ?"

"የለም። ምነው?"

"ቅጠሉም እንጨቱም መርዝ ነው፤ አፍ ውስጥ መግባት የለበትም።"

እማ ጠዋት ጠዋት ካገኘችው ተክል ሁሉ ቀንበጥ ቀንጥሳ ጥርሷን ትፍቃለች። የሲማን የሎሚ ዛፍ ጨርሳባታለች።

"አለ፤ ትንሽ ልጅ አለ" አልኩት።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። እማ በውሃ ርሳ ጠበቀችኝ።

ረቡዕ

አስረስ ደወለ። "ደኅና ናት?" "ደኅና ናት።" ዋሸሁት። ቤቱ እዚሁ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ ዛይን የሚባለው ሰፈር ነው፤ ይቺን ያህል መንገድ መጥቶ ካየ ስንት ሰንበት አለፈው። ስለዚህ መዋሸቱ አልከበደኝም። ስልኩን ስዘጋው ግን ከበደኝ።

ወደ ማሽቴላው ደውዬ ቀርከሃ አዘዝኩ። ሰባት ማሰሮ። ሥሩ የማይስፋፋውን ዓይነት፣ ከእኔ በላይ ክንድ የሚያህል የሚረዝመውን። ቢቀነጠስም አይገድልም፤ ሻጩን ሁለቴ ጠየቅኩት።

ተክሎቹን ያመጣው ሾፌር ከውጭው በር ላይ አራግፎ "እኔ እስከዚህ ነኝ" ብሎ ሄደ። አሮጌ ብርድ ልብስ ከሥራቸው እያነጠፍኩ አንድ በአንድ ጎተትኳቸው። ወገቤ አለቀ። እማ ወንበሯ ላይ ሆና ታየኛለች።

"ይሄ ሁሉ ሸምበቆ ከየት መጣ?"

"ገዛሁት እማ።"

"ሸምበቆ ይገዛል?" ብላ ሳቀች። ከሳቀች ሰነባብታለች።

ሐሙስ

ነፋሱ ሦስቱን ጣላቸው። አንዱ ማሰሮ ተሰነጠቀ፣ አፈሩ ግቢውን ሞላ። እማ ከመሃሉ እንደገና እርቃኗን ቆማለች፣ እግሯ ጭቃ። ቀና አልኩ። አሮጊቷ በመስኮቷ!

የያዝኩትን ሁሉ ለቀቅኩት። "ምን ታያለሽ? እናት የለሽም? የቀረጽሽውስ አንቺ ነሽ?" ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ። እሷ አንድ ነገር ተናገረች፤ አልተሰማኝም። መስኮቷን ዘጋች።

አሸነፍኩ አልኩ። እማ ግን በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛ ነበር። በእሷ ላይ የጮህኩ መስሏታል።

ማሰሮዎቹን ገልብጬ ከሥራቸው ድንጋይ ከተትኩ፤ እርስ በርሳቸው በገመድ አሰርኳቸው። አሁን በሬም አይጥላቸው። ቧንቧውን ዙሪያውን ከበቡት፤ በግድግዳው በኩል ለእማ ጠባብ መግቢያ ብቻ ተውኩ፤ እንደ ትንሽ ክፍል ሆነ።

ዓርብ

ዛሬ ቀኑም ልክ ነው። ሥራ የለኝም። እማ ገብታ ታጠበች፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። የውሃው ድምፅና የእሷ ማንጎራጎር ብቻ። ስድስቱን ፎቅ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ማንም አያያትም። ነጭ ልብሷን አልብሻት ወጣች፣ ፊቷ አብርቶ።

"ተባረኪ" አለችኝ። እኔ ማን እንደሆንኩ አውቃ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።

እሑድ

ትናንት ሰንበት ስለነበር አልጻፍኩም። ዛሬ የምጽፈው ሆስፒታል ወንበር ላይ ነው።

ከአውቶቡስ ስወርድ ውሃ በበራችን ሥር ወጥቶ መንገዱ ላይ ይፈሳል። ያቺ አሮጊት በቤት ነጠላ ጫማ፣ ምርኩዟን ይዛ በራችንን ትደበድባለች። ስታየኝ "ውሃው አልቆመም! ውሃው አልቆመም!" አለች በተሰባበረ ዕብራይስጥ።

እማ በግድግዳውና በማሰሮዎቹ መካከል ወድቃለች። ጎማው ላይዋ ላይ ይፈሳል። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ግን ክፍት ነው። "ወንዙ ጣለኝ" አለች። ግራ ክንዷ ከሥሯ ተጣሞ ነበር። ጠባቡን መግቢያ አካሏ ዘግቶታል። ቀርከሃውን ገፍቼ እንዳልገባ ራሴ አስሬዋለሁ። ገመዱ አልፈታ አለኝ። በጥርሴ ነው የፈታሁት።

አሮጊቷ ካፖርቷን አውልቃ እማን አለበሰቻት። አምቡላንሱን የጠራችው እሷ ናት። ስሟ ራያ ነው። አምቡላንሱን ስንጠብቅ መሬት ላይ ተቀምጣ የእማን እግር እያሸች ነገረችኝ። እሷም ብቻዋን ናት። እማን በየቀኑ ትጠብቃት ነበር። "ልብሷን ስታወልቅ ፊቴን አዞራለሁ። ውሃው ሲቆም መልሼ አያለሁ፤ ቆማ እንደሆነ። ሐሙስ ዕለት 'ጭቃው ያንሸራትታታል፣ ያዣት' ነበር ያልኩሽ። ከዚያ ወዲያ አላያትም። ዛሬ በጆሮዬ ብቻ እየተከታተልኩ ተቀመጥኩ፤ ውሃው ግን አልቆመም።"

እናቴን ከሰው ዓይን ሸሸግኩ ብዬ ከሚደርስላት ሰው ሸሸግኳት።

ሰኞ

ክንዷ ተሰብሯል፣ በጀሶ ታስሯል። ሳንባዋ ደኅና ነው አሉ። አስረስ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቪዲዮውንም፣ ውሸቴንም፣ ገመዱንም።

"ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፣ ያን ዕለት ነው የላኩልኝ" አለ። "አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅኩ። ደወልኩ፤ ደኅና ናት አልሽ።"

"ለምን አልመጣህም ታዲያ?"

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያ "ቤት አቮት ትግባ፣ በቃ፣ ልትገድያት ነበር" አለ። እውነት ነው። ልገድላት ነበር። አልተከራከርኩም።

ማክሰኞ

ዛሬ ለቀቋት፤ አስረስ በመኪናው አመጣን። እኔ እሷን አልጋ ላይ ሳሳርፍ ከግቢው የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ብወጣ አስረስ ማሰሮ እየገፋ ነው፣ ሸሚዙ በላብ ተነክሮ። ራያ በመስኮቷ ሆና በምርኩዟ ታሳየዋለች፦ ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ተው፣ በቃ። ከእሷ መስኮት ቧንቧው ይታያል። ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ግን ቅጠሉ ከላይ ስለሚደፋ አይታይም። ከአራተኛው ሳይታይ አይቀርም። ይሁን። ከቧንቧው ሥር የማያንሸራትት ምንጣፍ አነጠፍን።

"አንድ ወር እንሞክር" አለ አስረስ። "እሑድና ማክሰኞ ቀን ቀን እኔ እመጣለሁ። ካልሆነ ግን..." አልጨረሰውም። ሰኞና ረቡዕ ራያ እወርዳለሁ ብላለች፤ ጉልበቷ ከፈቀደ። ቁልፍ ሰጠኋት። ይቅርታም ጠየቅኳት፤ ተይው በሚል እጇን አወናጨፈች።

እማ ነቅታ በመስኮት አየቻት። "ያቺ ሴትዮ ምነው እዚያ ላይ ቆማ ቀረች? ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ትግባ በያት" አለች።

ነገ ረቡዕ ነው፣ ትገባለች። ሐሙስን ግን ማን እንደሚይዝልኝ ገና አላወቅኩም።