እኛ መርከብ ላይ ሳለን

እማዬ፣ እናት ዓለሜ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ዛሬ የምጽፍልሽ ተቆጥቼሽ ነው። የሞተ ሰው ይቆጡታል ወይ እንዳትዪኝ፣ ጠባዬን ታውቂዋለሽ። ምን እንዳስቆጣኝ እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ስሚ።

ሰበታ መብራት ገባልን። አንድ አምፖል ሰቅለናል፤ አንቺ ብታዪው ዓይኔን አጠፋው ብለሽ ታስወርጂው ነበር። ላሚቱ ወልዳለች። የልጅ ልጅሽ አስቴር በእግሯ ሄዳ ግቢውን እያመሰችው ነው። አንቺ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ እያልሽ ትጠሪያት እንደነበረው አሁን ጎረቤታችን ኦቦ ደበሌ ይጠሯታል። ድምፃቸውን ከሰማች እኔን ጥላኝ ትሮጣለች።

ያን ሰሞን የተጣላነው በእሷ ነው። አባቷ ታደሰ ከአውራጃ ጽሕፈት ቤቱ የዓመት ፈቃድ አግኝቶ፣ ወንድሙ መርከብ ላይ ስለሚሠራ፣ ከምጽዋ እስከ አሰብ በባሕር ሽርሽር እንሂድ አለ። አንቺ ደግሞ ጥርስ ያላበቀለች የሰባት ወር ልጅ ምን በወጣት ነው ውሃ ላይ የምትንገላታው ብለሽ ቤቱን አናወጥሽው። እኔም አፌ አያርፍ፣ አንቺ ከሰበታ ተፍኪ እንጂ የት ሄደሽ ታውቂያለሽ አልኩሽ። ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! በማግስቱ እያሳልሽ መጥተሽ በጣሳ ቅቤ ሰጠሽኝ፤ አናቷ እንዳይደርቅ አልሽኝ። ስለ ሳሉ ብጠይቅሽ ብርድ ነው ብለሽ ፊትሽን አዞርሽ።

ቅቤሽማ ጉድ ሠራን። እዚህ ብርድ አገር አናቷ ላይ ረግቶ የሚውለውን እኔ ሞኟ ምጽዋም እንደዚያው ብቀባት፣ በዚያ ሙቀት ቀልጦ ዓይኗ ውስጥ ገባና መርከቡን በለቅሶ አደበላለቀችው። ሳሙናው በባሕር ውሃ አረፋ አይወጣው። ጨርቆቿን አጥቤ ያገኘሁት ገመድ ላይ ባሰጣ ለካ የባንዲራ መስቀያ ኖሯል፤ ካፒቴኑ ራሱ እየሳቀ አስወረደኝ። ባሕሩ እኔን እያስታወከኝ ባልዲ ላይ ተደፍቼ ስውል፣ አስቴር በአባቷ ክንድ ላይ ሆና ነፋሱ ፊቷን በመታት ቁጥር ትስቃለች። ይህን ሁሉ ስመጣ ለአንቺ እነግራታለሁ፣ በቅቤዋ አሾፍባታለሁ፣ በዚያው እንታረቃለን እያልኩ ነበር።

ስንመለስ እህቴ ብርቄ ተቀበለችን። እማዬስ ብላት ተፍኪ ለቅሶ ደርሳ ትመጣለች አለችኝ። በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ ተቀመጠ። ብርቄ አስቴርን ከመኝታዋ አንስታ አመጣችና መጀመሪያ አጥቢያት አለችኝ። የምታጠባ ሴት መርዶ ከሰማች ወተቷ ይበላሻል ይባል የለ፤ ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ልጄ እስክትጠግብ ጠበቀ። ያኔ ገባኝ። ግን ጡቴን ይዛለችና መጮህ አልቻልኩም። ስትጠግብ ተቀበሉኝና ነገሩኝ። ከተቀበርሽ አሥራ አምስት ቀን ሆኖሽ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ብርቄን ዓይኗን ማየት ጠላሁ። ቴሌግራም እያለ፣ የታደሰን ወንድም አድራሻ ግድግዳው ላይ ለጥፌላት እያለ፣ እናቴን ሳልቀብር አስቀረችኝ አልኩ። ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ሰደብኳት፣ አስቴርን ልታቅፍ ስትመጣ ነጠቅኳት። አንድም ቃል አልመለሰችልኝም። ውስጤን የሚበላኝ ግን ሌላ ነበር፤ ተቀይመሽኝ ነው የሞትሽው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ባለፈው እሑድ ብርቄን ከበር ስመልሳት ኦቦ ደበሌ አዩኝ። አስቀመጡኝና፣ እኔ እንደ እህትሽ አልማልኩም፣ እናገራለሁ አሉ። ለካ እማዬ፣ በሽታው ሲጠናብሽ ብርቄ ቴሌግራም ልትልክ ወደ አዲስ አበባ ወጥታ ነበር፤ አንቺ ግን እሳቸውን በበቅሎ ልከሽ ፉሪ ላይ አስመለስሻት። ከሰማች ሕፃኗን ይዛ በዚያ ሁሉ መንገድ ስትበር ትመጣለች፣ ሽርሽሩንም ዕድሜዋን ሙሉ ስትረግመው ትኖራለች ብለሽ። የከለከልኩት እኔ መሆኔን አትንገሪያት ብለሽም አስማልሻት። በእኔ ከተቆጣች ከሞትኩ ወዲያ ከማን ጋር ትታረቃለች፣ በአንቺ ትቆጣ፣ እናንተ በሕይወት ስላላችሁ ትታረቃላችሁ አልሻት።

እማዬ፣ ማን ጠየቀሽ? የእኔን ቁጣ ለብርቄ አሸክመሽ እንዴት ትሄጃለሽ? እውነቱን እንደሰማሁ በባዶ እግሬ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አንስታኝ፣ ልጅቷን ስጪኝ ብቻ አለች። እስኪመሽ ከእቅፏ አላወረደቻትም።

ኦቦ ደበሌ የነገሩኝ አንድ ነገር ግን ቁጣዬን አስጣለኝ። መናገር እስኪያቅትሽ ድረስ በየጠዋቱ፣ ዛሬ ልጆቼ ውሃው ላይ ናቸው ወይ እያልሽ ትጠይቂያቸው ነበር አሉ። ነበርን፣ እማዬ። ባረፍሽበት ጠዋት ውሃው ላይ ነበርን፣ ልጅሽ አስቴርም ትስቅ ነበር።

አልረሳሽም ብዬ ብቻ አልቀርም። አስቴር አድጋ በጨቅላነቴ ባሕር ያሳየኝ ማነው ያለችኝ ቀን፣ አባትሽ ነው አልላትም። አያትሽ ናት፤ ልትሞት ተኝታ ሳለች፣ ባሕሩን እስክትጠግቢው እናትሽን አትጥሩብኝ ያለችው አያትሽ ናት እላታለሁ።

ልጅሽ አልማዝ