ለመኪና የተሰጠው የእድራችን ሜዳ

ማክሰኞ

ሜዳችንን ለመኪና ሰጡት። ከአዲሱ ባቡር ጣቢያ ስብሰባ ስመለስ የደብረ ብርሃን ብርድ እንኳ አልተሰማኝም፤ ንዴቴ ነው ያሞቀኝ።

ባቡሩን ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም እንደ እኔ የሚጠብቀው የለም። ባለቤቴ ደረጀ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፤ የምንገናኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ። ባቡሩ ከመጣ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። ግን የአዲሱ ጣቢያ የመኪና ማቆሚያ ያረፈው የለቅሶ ድንኳን የምንተክልበት ሜዳ ላይ ነው። ሠፈራችን ሌላ ባዶ ቦታ የለውም።

የጣቢያው ኢንጂነር ስብሰባው ላይ፣ «ነዋሪው መኪናውን እዚህ አቁሞ በባቡር ይሄዳል» ይለናል። ተነሣሁና፣ «መኪና ያለው እስቲ እጁን ያውጣ» አልኩ። አንድ እጅ ወጣ። የኢንጂነሩ ሾፌር። እሱም የሚነዳው የመሥሪያ ቤቱን ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ

ደረጀ ደውሎ፣ «ሜዳውን ለሽማግሌዎቹ ተይው። ባቡሩን እንዳታስቀሪብን» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ቆይቼ ግን ፈራሁ። እውነቱን ቢሆንስ? ልጃችን ሲያተኩሳት ብቻዬን የማድረውን እኔ ነኝ የማውቀው።

የኢንጂነሩ ቀያሾች ሜዳው ላይ ቀይ የተቀባ ችካል ሲተክሉ ዋሉ። ማንንም አላስፈቀዱም።

ሐሙስ

ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን አረፉ። ነፍስ ይማር፤ ታመው ነበር የከረሙት።

የእድሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው ድንኳኑን ሜዳው ላይ ተከሉ። ገመዱን የት ቢያስሩት ጥሩ ነው? የቀያሾቹ ችካል ላይ። «የተተከለ ችካል እያለ ምን አደከመን» አሉ። ነፋሱ ድንኳኑን ሲጎትተው ችካሉ ተነቃቀለ። ለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር ነው፤ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ።

ዓርብ

ኢንጂነሩ እየበረረ መጣ። «ማነው ችካሉን...» ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ዘው አለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽፈራው፣ «መጀመሪያ አረፍ በል፣ ልጄ» አሉት። ምን ያድርግ? «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ንፍሮ ዘገንንለት።

ጋሽ ሽፈራው ቀስ ብለው፣ «እናንተ ሠፈር ድንኳን የት ነው የምትተክሉት?» አሉት።

«አስፋልቱን ዘግተን።»

«እኛም እንግዲህ ሐዲዱን እንዘጋለና።»

ማኘኩን አቆመ። ሲወጣ፣ ማቆሚያውን ከሐዲዱ ማዶ ወዳለው ባሕር ዛፍ ማዞር ይቻል እንደሆነ «እናየዋለን» አለ። «እናየዋለን»ን አውቃታለሁ። የውሃችንንም ነገር ሲያዩልን ስንት ዓመታቸው።

ቅዳሜ

ደረጀ ከሚኒባስ እንደ ወረደ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ለቅሶ ደረሰ። ከአንኮበርም ከመዘዞም ዘመድ መጥቶ ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ የተረፈው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ቤት ስንገባ ይቆጣኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን፣ «ይሄ ሁሉ ሰው የት ሊቀመጥ ኖሯል?» አለኝ። ሰኞ ፈቃድ ጠይቆ ከእኔና ከሽማግሌዎቹ ጋር ኢንጂነሩ ቢሮ ሊሄድ ነው። ደስ አለኝ።

«ግን በዚህ የተነሣ ባቡሩ ቢቀርስ?» አልኩት።

«ቢቀር ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለኋ።»

እንደገና ተናደድኩ። መኪና የሌለውን ሠፈር ከሐዘናችሁና ከትዳራችሁ አንዱን ምረጡ ማለት ምን የሚሉት ግፍ ነው? ሜዳውንም እፈልጋለሁ፣ ባቡሩንም እፈልጋለሁ። ሰኞ ኢንጂነሩ ፊት ቆሜ የምለው ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ብቻ አይበቃኝም።